ጎንደር ያልሰማችው ሸክላ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

በዛሬው የምሥረታ በዓል ንግግር እንዳደርግ በታዘዝኩ ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ «ስለ ፋሲል ግንብ ተናገሪ» ብለው መክረውኝ ነበር። ምክራቸውን አልናቅሁም፤ ነገር ግን የፋሲል ግንብ ራሱ ቆሞ ስለሚናገር የእኔን አፍ የሚሻ ሆኖ አልታየኝም። እኔ የመረጥኩት በከተማችን ምክንያት ተወልዶ ሳለ በከተማችን ቤት ያላገኘውን ነገር ነው። እርሱም አንድ ሸክላ ነው።

ሸክላ ስል እንስራና ጀበና ትዝ ያላችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ። አይፈረድባችሁም። እኔ የምለው ሸክላ ግን አያቶቻችን ከማጫወቻው ላይ አኑረው፥ መርፌውን በቀስታ አሳርፈው፥ ዙሪያውን ተቀምጠው ዘፈን ይሰሙበት የነበረውን ጥቁርና ክብ ነገር ነው። ዛሬ ሺህ ዘፈን በአንዲት ስልክ ይዘን ስለምንዞር፥ በዚያን ዘመን አንድ ሸክላ ለማውጣት ምን ያህል ድካምና ወጪ ይጠይቅ እንደ ነበረ ማሰብ ይቸግረናል።

ባለፈው ወር መምህራችን እስኪገቡ ድረስ በነበረው ጊዜ ከክፍላችን ፊት ቆሜ፥ «የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ የሰማችሁ እጃችሁን አንሡ» ብዬ ጠየቅሁ። ሁለት እጅ ተነሣ፤ ከሁለቱም አንዱ የእኔው ነበር። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ስለ እኒህ እናትና ስለ መጀመሪያው ሸክላቸው ነው። ሸክላው ለምን እንደ ተሠራ፥ ለምን እንደ ተረሳ፥ እኛም የማራኪ ተማሪዎች ስለ እርሱ ምን ዕዳ እንዳለብን እንደ ዐቅሜ አስረዳለሁ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ይባላሉ። «ከንቲባ» መባላቸውም ለስም ያህል አይደለም፤ የእኛይቱን ጎንደርንም አዲስ አበባንም በከንቲባነት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ከንቲባ ገብሩ በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ ተምረው፥ በኢየሩሳሌምና በስዊስ አገር ትምህርታቸውን ቀጥለው ነበር። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና ይህን ባነበብኩ ጊዜ የሩቅ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

አባትየው የትምህርትን ጥቅም ዐውቀው ስለ ነበር፥ ሴቶች ልጆችን ወደ ውጭ አገር ልኮ ማስተማር ባልተለመደበት ዘመን ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን ሰንዱንና የውብዳርን ወደ ስዊስ አገር ላኩ። የውብዳር ያን ጊዜ 6 ዓመታቸው ነበር። ታላቂቱ፥ ወይዘሮ ሰንዱ ገብሩ፥ ኋላ ደራሲና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኀላፊ ሆነዋል፤ ሕዝብ መርጧቸው ፓርላማ ከገቡት ሴቶችም የመጀመሪያይቱ ናቸው። ታናሺቱ ግን ልባቸው በሙዚቃ ተያዘ። በስዊስ አገር ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ለማንም የሚመች አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ቤተ ሰባቸውን በምርኮ ወስዶ በአዚናራ ደሴት፥ ቀጥሎም በኔፕልስ አጠገብ በምትገኘው በመርኮሊያኖ አሰራቸው። ከወገኖቻቸውም በዚያ ወረራ የተገደሉ ነበሩ። አገራችን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ የውብዳር ወደ ካይሮ ሄደው፥ ኮንቶሮቪች በተባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ይማሩ ጀመር። በቀን 4 ሰዓት ቫዮሊን፥ 5 ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። ጓደኞቼ ሆይ፥ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው! እኛ ለፈተና ስንዘጋጅ ሁለት ሰዓት በተቀመጥን ጊዜ ዓለም ሁሉ እንዲያዝንልን እንፈልጋለን።

ቀጥሎ ወደ ሎንዶን ሄደው በታላቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማሩበት ዕድል ተከፈተላቸው፤ ነገር ግን ለመሄድ ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። ኀዘናቸውም እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ 12 ቀን እህል ሳይቀምሱ ቆዩ፤ ለሞትም ደረሱ። ከዚያ ሕመም በተነሡ ጊዜ ልባቸው ወደ ሌላ መንገድ ዞሮ ነበርና፥ ወደ ወሎ ተጉዘው ግሸን ማርያም ገቡ፤ መነኰሱም። የውብዳር መባላቸው ቀርቶ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ተራራ ላይ በጭቃ ቤት፥ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ በዚያ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ከተማችን ደረስኩ።

እማሆይ ከግሸን ከወረዱ በኋላ በ1950ዎቹ ዓመታት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ወደ ጎንደር መጡ። ዜማ የሚሻ ሰው ወደ ጎንደር መምጣቱ አያስገርምም። ለድጓ ቤተልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ እንደሚባለው ሁሉ፥ ለአቋቋም ስሟ የሚጠራው የጎንደር በዓታ ናት። በአውሮፓ ፒያኖ የተማሩ ሴት፥ በጎንደር ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው እንደ ገና ተማሪ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ፥ በቅጽሩ በር አጠገብ ከመሬት ላይ ተኝተው የሚያድሩ ልጆች ያዩ ነበር። እኛም እናያቸዋለን። በእማሆይና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት እማሆይ መጠየቃቸው ነው። «እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው? ስለምን በዚህ ይተኛሉ?» ብለው ጠየቁ። የቆሎ ተማሪዎች መሆናቸውን፥ ለትምህርት ሲሉ ከወላጆቻቸው ርቀው እንደ መጡ፥ ማደሪያም እንደሌላቸው፥ የሚበሉትንም በየደጁ ለምነው እንደሚያገኙ ተነገራቸው። እማሆይ እጅግ አዘኑ። ነገር ግን መነኵሲት ናቸውና የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ከዓመታት በፊት የተዉት የፒያኖ ዕውቀት ነው። ስለዚህ በሙዚቃዬ እነዚህንና እነዚህን የመሰሉትን ወጣቶች እንዲማሩ እረዳለሁ ብለው ቆረጡ።

የመጀመሪያው ሸክላቸውም በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ በጀርመን አገር ወጣ። በሸክላው ልባስ ላይ ያለው የጀርመንኛ ርእስ፥ «እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የራሳቸውን ድርሰት ይጫወታሉ» እንደ ማለት ነው። ዘፋኝ የለበትም፤ ከበሮም መለከትም የለበትም፤ አንዲት መነኵሲትና አንድ ፒያኖ ብቻ ናቸው። የድርሰቶቹን ርእሶች ወደ አማርኛ ስመልሳቸው፥ «ቤት የለሹ መንገደኛ»፥ «የሟች የመጨረሻ እንባ»፥ «የአንዲት ልጃገረድ እሮሮ»፥ «የዕብዱ ሣቅ»፥ «ልብ አስቀድሞ ሲያውቅ» የሚሉ ይሆናሉ። ቤት የለሹ መንገደኛ የሚለውን ርእስ አስተውሉ። በጎንደር ቅጽር ሥር ተኝተው ያዩዋቸው ልጆች በልቤ የሚመጡብኝ በዚህ ርእስ ነው።

አሁን ስለ ሙዚቃው ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። እኔ የሙዚቃ ዐዋቂ አይደለሁም፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር ለማጀብ ያህል ኦርጋን መነካካት የተማርኩ ነኝ። ሆኖም የተረዳኝን ልንገራችሁ።

የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ የተደረደሩ ናቸው፤ ሁለትና ሦስት ደግሞ አምስት ነው። ነጮቹን ሳትነኩ በጥቁሮቹ ብቻ ጣታችሁን ብታመላልሱ ከትዝታ ቅኝት ጋር የሚዛመድ ድምፅ ትሰማላችሁ። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸውና። የአውሮፓ የታወቁ ድርሰቶች ግን በሰባት ድምፅ ላይ ይመላለሳሉ። እማሆይ የተማሩት በሰባቱ ነው፤ የተናገሩት ግን በአምስቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር አካሄዱ ነው። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ዋልስ ዝቅ ብሎ ሲመላለስ፥ ቀኝ እጃቸው እንደ ልቡ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል፥ አንዳንድ ጊዜ ይፈጥናል፥ ደግሞ አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ይርገበገባል። ምቱን በእግሩ ለመቁጠር የሚሞክር ሰው ይሰናከላል። ይህን ስሰማ የያሬድ ዜማ ትዝ ይለኛል። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ስልቶች የሚቆመው የያሬድ ዜማ በእኩል ምት የሚለካ አይደለም፤ ቃሉን ተከትሎ ይረዝማል፥ ያጥራልም። ከፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፉለት ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቁርጥ የተባሉ ምልክቶች አሉት። ሰው በጉሮሮው ርክርክ ሊያወጣ ይችላል፤ ፒያኖ ግን ጉሮሮ የለውም፤ ቁልፉን ሲመቱት አንድ ድምፅ ሰጥቶ ዝም የሚል ዕቃ ነው። እማሆይ ሁለት ቁልፎችን በፍጥነት እያቀያየሩ ያንን መርገብገብ ከዕንጨትና ከብረት ያወጡታል። አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ሙዚቃቸውን ከፈረንሳዊው ከኤሪክ ሳቲ ጋር ያመሳስሉታል። እነርሱ የሚያውቁት እርሱን ስለ ሆነ ነው፤ እኛ ደግሞ የምናውቀው ሌላ አለ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ ስለምን ተረሳ? እኔ ሦስት ምክንያት አግኝቻለሁ።

አንደኛው፥ ቃል የለውም። በአገራችን ሰው ዘፈንን የሚወደው በግጥሙ ነው፤ ሰምና ወርቁን ፈትቶ ካልተደሰተ የሰማ አይመስለውም። ቃል የሌለው ሙዚቃ ለብዙዎቻችን ዜና እስኪጀመር ድረስ በራዲዮ የሚሰማ ማሟያ ነው።

ሁለተኛው፥ ቦታ አልነበረውም። ለቤተ ክርስቲያን እንዳይሆን፥ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት ከበሮ፥ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ፒያኖ አያውቅም። ለጭፈራ ቤት እንዳይሆን፥ ማንም በእርሱ አይጨፍርም። ከዚህም ሌላ ሸክላው የወጣው በሩቅ አገር ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሸክላ ሥራቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፥ ገበያውን የያዙት መለከትና ጊታር ያጀባቸው ዘፋኞች ነበሩ። ያ ዘመን ታላቅ ዘመን ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሞቅታ መካከል የአንዲት መነኵሲትን ፒያኖ የሚያዳምጥ ጆሮ ጥቂት ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት እማሆይ ራሳቸው ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ አልደከሙም። ሸክላ ያወጡት ለድኾች ርዳታ እንጂ ለዝና አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ እናታቸው ካረፉ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው፥ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኖአቸው ጋር ወደ 40 ዓመት ገደማ ኖሩ።

ዓለም የነቃው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 21ኛው ክፍል ለእማሆይ ብቻ ተሰጠ። «ቤት የለሹ መንገደኛ» የዚያ ክፍል መክፈቻ ሆነ። ያን ጊዜ እማሆይ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብም ድርሰቶቻቸው በኖታ ተጽፈው በመጽሐፍ ወጡ፤ በኢየሩሳሌምም ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገላቸው። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥም ይኸው የመንገደኛው ዜማ ተሰማ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እንግዲህ አሜሪካ ሰማች፥ ፈረንሳይም ሰማች፥ ኢየሩሳሌምም ሰማች። ምክንያቱን የሰጠችው ጎንደር ግን እጇን ስታነሣ ሁለት እጅ ብቻ ተገኘ።

ውድ ጓደኞቼ፤ እስካሁን የተናገርኩት ያነበብኩትን ነው። አሁን ደግሞ ያደረግሁትን ልናገር፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ ግን ንግግሬ ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛል።

ያለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቤት ነበርኩ። በዚያ ሰሞን የእማሆይን ሙዚቃ በስልክ አግኝቼው ገና መውደዴ ነበር፤ ስለ ታሪካቸው ግን ምንም አላውቅም። «ቤት የለሹ መንገደኛ»ን ከፍቼ ዐይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ፥ ከደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የልጅ ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ ያካፋ ነበር። በሌማቱ ላይ እንጀራ ነበረ። ነገር ግን ብነሣ ሙዚቃው ይቋረጥብኛል ብዬ፥ ሰው እንደሌለ መስዬ ዝም አልኩ። ልጁ ሦስት ጊዜ ጠራ። ከዚያ ወዲያ በጭቃው ላይ የእግሩን ድምፅ ሰማሁ፤ ሄደ። እኔም የድምፁን መጠን ጨመርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሸክላውን ታሪክ ያነበብኩት። ሸክላው ለእነማን እንደ ተሠራ ባወቅሁ ጊዜ ያፈርኩትን ዕፍረት በዚህ ጉባኤ ፊት ልገልጸው አልችልም። እማሆይ ያንን ሙዚቃ ያወጡት በእኔ ደጅ ለቆመው ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ሙዚቃቸውን ለመስማት ብዬ ልጁን መለስኩት። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ሥራ መውደድና ሥራው የተሠራበትን ምክንያት መውደድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፊተኛው ይቀላል፤ ጆሮ ብቻ ይበቃዋል።

ምናልባት ከመካከላችን «ሸክላ ለተራበ ልጅ ምን ይረባዋል? ያ ሁሉ ሆኖ ዛሬም የቆሎ ተማሪ እየለመነ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሸክላው የቆሎ ተማሪን ችግር አላስወገደም፤ አንድ ሸክላም ሊያስወግደው አይችልም። ነገር ግን እማሆይ ችግሩን ሁሉ ካላስወገድኩ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በእጃቸው የነበረውን ሰጡ። በእጃችን ያለው ምን እንደ ሆነ እንድንጠይቅ ያደርገናልና ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ደግሞም የቆሎ ተማሪን እንደ ለማኝ መቍጠር ስሕተት መሆኑን ላሳስብ እወዳለሁ። እርሱ ተማሪ ነው፤ እንደ እኛ ተማሪ ነው። እኛ ደብተር በቦርሳ ይዘን ስንወጣ እርሱ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳውን ያነግታል። እኛ 12 ዓመት ተምረን ፈተና እንቀመጣለን፤ እርሱ ከንባብ ወደ ዳዊት፥ ከዳዊት ወደ ዜማ፥ ከዜማ ወደ ቅኔ እያለ የሚዘልቀው ዓመቱን ሳይቆጥር ነው። እኛ የረሳነውን ከመጽሐፍ ላይ እንፈልጋለን፤ እርሱ መጽሐፉን በልቡ ይይዛል። የአገራችን ሊቃውንትና ደራስያን ብዙዎቹ ከዚያ ጎጆ የወጡ ናቸው። ሁለታችንም በአንድ መንገድ እንመላለሳለን፤ ግን ሰላምታ አንሰጣጥም።

ከዚያ ወዲህ ባለፈው ጥቅምት ሌላ ልጅ ከደጃችን ቆመ። በዚህ ጊዜ ከፈትኩለት። እንጀራውን ሰጥቼው ሊሄድ ሲል፥ እማሆይ ጠይቀዋልና እኔም ልጠይቅ ብዬ «ከየት መጣህ?» አልኩት። «ከበለሳ» አለኝ። «ምን ትማራለህ?» ብለው፥ ዳዊት ጨርሶ ጾመ ድጓ እንደ ጀመረ ነገረኝ። ቀና ብሎ አየኝና «አንቺስ እኅቴ፥ ምን ትማሪያለሽ?» አለኝ። እንደ ተማሪ ከተማሪ መጠየቁ ነው። ፊዚክስና ሒሳብ እያልኩ ስዘረዝርለት በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ያንን ሙዚቃ አሰማሁት። አኩፋዳውን ከትከሻው ሳያወርድ፥ ራሱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያበቃ «ቃል የለውም እንጂ ዜማ ነው» አለኝ። «የኔታ ይጠብቁኛል» ብሎም ሄደ።

እኔ ስለዚህ ሙዚቃ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ፍርድ ግን አላገኘሁም።

እንግዲህ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ለትምህርት ቤታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ የተማሪዎች ሚኒ ሚዲያ በሳምንት አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከዚህ ሸክላ አንድ ዜማ ያሰማን። ነገር ግን በባዶው አይሁን፤ ስማቸውንና በጎንደር ያዩትን ጨምሮ ይንገረን። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ በእኔ አይታችኋል።

ሁለተኛ፥ በሙዚቃ ክበባችን ውስጥ አቧራ የጠጣ ኪቦርድ አለ። ጥቁሮቹ ቁልፎች አልተሰበሩም። ከታች ክፍል ጀምሮ የሚፈልግ ሁሉ፥ በተለይ እኅቶቼ፥ በአምስቱ ቁልፎች ትዝታን እንሞክር። የኖታው መጽሐፍ ቢገኝ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍታችን ይገዛ።

ሦስተኛ፥ ከመጪው ክረምት በፊት እያንዳንዳችን ከቤታችን የተረፈንን ብርድ ልብስ፥ ሳሙናና የመሳሰለውን አምጥተን በአቅራቢያችን ላሉት የቆሎ ተማሪዎች በመምህሮቻቸው በኩል እናድርስ። ስንሰጥም ስማቸውንና የሚማሩትን እንጠይቅ። መስጠት ብዙዎቻችን እንችላለን፤ መጠየቅን ግን ረስተነዋል።

ንግግሬን የጀመርኩት ሸክላው በከተማችን ቤት አላገኘም ብዬ ነበር። ይህንኑ ባለፈው ሳምንት ለአያቴ ባጫውታቸው፥ «ልጄ፥ ቤት የለም የሚባለው በር የሚከፍት ሲጠፋ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ጎንደር ጨርሳ አልሰማችም ማለቱን ትቻለሁ። አንድ የበለሳ ልጅ በማራኪ ደጅ ቆሞ ሰምቷል። እናንተም ዛሬ ስሙን ሰምታችኋል። ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ዜማውን እንስማ፤ ስንሰማም ጆሯችን ከደጅ የሚጠራንን ድምፅ እንዳይረሳ እንጠንቀቅ።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንልን።